የማግኔት መስኩ ታውቆ የቅንጣቶቹ ስርጭት ሲፈለግ፦ ግጭት አልባ ፕላዝማ ለሚያጠኑ የንጽጽር መመሪያ

ይህን መመሪያ የምጽፈው ደሴ ላይ ሆኜ ነው። የምጽፍላቸውም በወሎና በአካባቢዋ በፊዚክስ ወይም በሒሳብ የድኅረ ምረቃ ጽሑፋቸውን የሚጀምሩ፣ ርዕሳቸውን ከፕላዝማ (ቻርጅ ካላቸው ቅንጣቶች ጋዝ) ጥናት መርጠው በመጀመሪያው ወር የዘዴ ምርጫ ላይ የሚቸገሩ ተማሪዎች ናቸው። ማግኔታዊ መስኩ ታውቆ የቅንጣቶቹን ስርጭት፣ ማለትም በየቦታውና በየፍጥነቱ ስንት ቅንጣት እንዳለ፣ ለማግኘት ሲነሡ ጥያቄያቸው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የፉሪየሩን መንገድ ልያዝ ወይስ የኤርሚት ፖሊኖሚያሎችን? ወይስ ሁሉንም ትቼ ለኮምፒውተር ልስጠው? መልሴም አልተለወጠም። ዘዴውን የሚመርጥልን የግፊቱ ፈንክሽን ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ከዘዴው በፊት ግፊቱን ጽፎ ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ከችግሩ መነሻ መጀመር አለብኝ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምድር አቅራቢያ ባለው የፀሐይ ነፋስ ውስጥ አንድ ቅንጣት ከሌላው ጋር ሳይጋጭ በአማካይ የሚጓዘው ርቀት ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህላል። ግጭት በሌለበት ደግሞ ስርጭቱን ወደ ተለመደው የማክስዌል ቅርጽ የሚመልሰው ኃይል የለም፤ ስርጭቱ የሚታዘዘው ቭላሶቭ በ1938 ላቀረበው እኩልታ ብቻ ነው። ሁኔታው በጊዜ የማይለወጥ ሚዛን ሲሆን ጄምስ ጂንስ በ1915 ለከዋክብት ስብስብ ያሳየው ሐሳብ እዚህም ይሠራል፤ የእንቅስቃሴ ቋሚዎች ፈንክሽን የሆነ ማንኛውም ስርጭት እኩልታውን ያሟላል። መስኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚለዋወጥበት ስስ የኤሌክትሪክ ፍሰት ንጣፍ ውስጥ እነዚህ ቋሚዎች ሦስት ናቸው፤ የቅንጣቱ ኃይል (ኢነርጂ) እና በንጣፉ ጎን ያሉት ሁለቱ ካኖኒካል ሞመንተሞች (ተራው ሞመንተም ላይ የመስኩ ድርሻ ሲጨመርበት)።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ላስገባ። የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ብዙ ተማሪዎች ይህን ሒሳብ በላያችን በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ለሚፈሰው የኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ለተባለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ። ለአገር ሰማይ ያላቸውን ፍቅር እጋራለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ከፍታ ቅንጣቶቹ ከአየሩ ጋር አዘውትረው ይጋጫሉ፤ ፍሰቱ ራሱም ከዚያ ግጭት ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ፣ በማግኔቶስፌሩ (የምድር ማግኔት በሚገዛው የጠፈር ክልል) ጫፍና ጅራት እንዲሁም በፀሐይ ኮሮና ላሉ ንጣፎች የሚሆን ነው።

የመልክዓ ምድሩ ምሳሌ

የአምፔር እኩልታ በዚህ ችግር ውስጥ አስደናቂ መልክ አለው። የቬክተር ፖቴንሻሉን (በቦታ ሲለዋወጥ ማግኔታዊ መስኩን የሚሰጠውን መጠን) ሁለት ክፍሎች እንደ ቦታ፣ ንጣፉን አቋርጦ የሚሄደውን ርቀት እንደ ጊዜ፣ የቅንጣቶቹን ግፊት ደግሞ እንደ መሬት ከፍታ ብንወስድ፣ እኩልታው ከጦሳ ተዳፋት ወደ ቦርከና ሸለቆ የምትንከባለልን ድንጋይ እኩልታ ይሆናል። የድንጋዩዋ ፍጥነት ማግኔታዊ መስኩ ነው፤ የእንቅስቃሴ ኃይሏ የማግኔት ግፊት ነው፤ የኃይል ድምሯ አለመለወጡም የቅንጣትና የማግኔት ግፊት ድምር በንጣፉ ውስጥ ሁሉ እኩል ነው ማለት ነው።

ይህን ሥዕል በአእምሮ የያዘ ሰው ሁለቱን የችግሩን አቅጣጫዎች ወዲያው ይለያል። ቀጥተኛው መንገድ መሬቱን ይዞ የድንጋዩዋን ጉዞ ይፈልጋል። ተቃራኒው መንገድ ጉዞውን ይዞ መሬቱን ይፈልጋል፤ ከመሬቱም ስርጭቱን። ዋናው ቁም ነገርም እዚሁ ላይ ይገኛል፤ ጉዞው የሚነግረን ድንጋዩዋ ያለፈችበትን መስመር ከፍታና ተዳፋት ብቻ ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለው መሬት ነጻ ነው። ስርጭቱ ግን የሚወሰነው በመሬቱ ሁሉ ነው። ስለዚህ ለአንድ መስክ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መሬቶች ይኖራሉ፤ የአጥኚው ጥበብ ያለው ከእነዚህ መካከል ስርጭት ሊወጣለት የሚችለውን መምረጥ ላይ ነው። ይህን ነጻነት ሳይጠቀሙበት ዘዴ በመቀያየር የሚደክሙ ተማሪዎችን ማየት ያሳዝነኛል።

ቀጥተኛው መንገድ መቼ ይበቃል?

ሃሪስ በ1962 የሄደው በዚህ መንገድ ነው። የማክስዌል ስርጭትን በቋሚ ፍጥነት እንዲንሸራተት አደረገ፤ ከዚያም መስኩ በታንጀንት ሃይፐርቦሊክ ቅርጽ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው የሚገለበጥበትን፣ ጥግግቱም በሴካንት ሃይፐርቦሊክ ካሬ መሃል ላይ የሚጎላበትን ንጣፍ አገኘ። በመሃሉ ያለው ጥግግት በአዮንና በኤሌክትሮን ሙቀት ድምር ሲባዛ ከውጭው የማግኔት ግፊት ጋር ይተካከላል። ዛሬም ቢሆን በማግኔት መስመሮች ዳግም መገናኘት ላይ የሚሠሩ ብዙ ሲሙሌሽኖች የሚነሡት ከዚህ ንጣፍ ነው። የሚፈለገው አንድ ትክክለኛ ሚዛን ብቻ ከሆነና የመስኩ ዝርዝር ቅርጽ ግድ የማይሰጥ ከሆነ ቀጥተኛውን መንገድ መምረጥ ተገቢ ነው፤ ስርጭቱን ራሳችን ስለመረጥነው ከዜሮ በታች ይወርዳል የሚል ሥጋት አይኖርም። ጉድለቱ የሚወጣውን መስክ አስቀድመን ማዘዝ አለመቻላችን ነው።

ተቃራኒው መንገድና የምጣዱ ችግር

ቻኔል በ1976 ስርጭቱን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርጎ ጻፈ፤ አንደኛው የኃይሉ ኤክስፖነንሻል ነው፤ ሁለተኛው የሞመንተሞቹ ብቻ የሆነ ያልታወቀ ፈንክሽን ነው፤ ይህን ሁለተኛውን «ገ» እንበለው። የቬክተር ፖቴንሻሉን በቻርጁ አባዝተን፣ በቅንጣቱ መጠነ ቁስ፣ በሙቀታዊ ፍጥነቱና በ√2 ብዜት ብናካፍለው «ሀ» ይሁን፤ በዚያው አሃድ የተለካው ሞመንተም ደግሞ «መ» ይሁን። ያን ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ያለው ግፊት፣ ከቋሚ ብዜት በቀር፣ ገ(መ)ን በኤክስፕ(−(ሀ−መ)²) አባዝቶ፣ በመ ላይ ሁሉ ደምሮ፣ ለ√π ማካፈል ነው። በቃል ስንለው፣ ግፊቱ የደበዘዘ ገ ነው። የሒሳብ ሰዎች የቫየርሽትራስ ትራንስፎርም የሚሉት ይኸው ነው፤ ሙቀት በአንድ ብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጸው እኩልታም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ከእሳቱ የወረደን ምጣድ አስቡ። እሳቱ ከሥሩ በየትኛው በኩል በርትቶ እንደነበር ወዲያው ለዳሰሰው ይታወቃል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን ሙቀቱ ይዳረስና የእያንዳንዱ ፍም ቦታ ይጠፋል። ከግፊቱ ወደ ገ መመለስ ከተዳረሰው ሙቀት ተነሥቶ የፍሞቹን ቦታ መፈለግ ነው። ይህ ያልተረጋጋ ችግር ነው፤ ትንሽ ስሕተት ይበዛል፤ አንዳንዴም መልስ ጭራሽ የለም። ከዚህ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ዘዴዎች ይህንኑ አንድ ችግር በሁለት በኩል የሚይዙ ናቸው።

የፉሪየሩ ዘዴ ግፊቱን ወደ ሞገዶች ይበትናል። መደብዘዙ የሞገድ ቁጥሩ «ከ» የሆነውን ሞገድ በኤክስፕ(−ከ²/4) ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ወደኋላ ስንመለስ በኤክስፕ(ከ²/4) እናባዛዋለን። ግፊቱ የጥቂት ኮሳይኖችና ኤክስፖነንሻሎች ድምር ከሆነ ሥራው በአንድ ገጽ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ክፍል ቅርጹን ሳይለውጥ ይመለሳል፤ የሚቀየረው ብዜቱ ብቻ ነው። ግፊቱ ከመረጃ የመጣ ከሆነ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ከ» 10 በሆነበት ቦታ ብዜቱ 72 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ በመረጃው ውስጥ ያለች ኢምንት ጫጫታም በዚሁ ቁጥር ትባዛለች።

የኤርሚት ዘዴ ግፊቱን በሀ ኃይሎች (ሀ፣ ሀ²፣ ሀ³ እያለ በሚቀጥል) ተከታታይ ድምር ይጽፈዋል። የኤርሚት ፖሊኖሚያሎች አንድ ውብ ጸባይ አላቸው፤ ቁጥሩ «ነ» የሆነው ፖሊኖሚያል በዚህ መደብዘዝ ውስጥ ሲያልፍ በትክክል የ2ሀ ነ-ኛ ኃይል ይሆናል። ስለዚህ የግፊቱን ተከታታይ ድምር እያዩ በእያንዳንዱ ኃይል ቦታ ፖሊኖሚያሉን መተካት ብቻ ነው። ግፊቱ ለፉሪየር የማይመች፣ ነገር ግን በቴይለር ተከታታይ የሚጻፍ ከሆነ፣ ምርጫው ይህ ነው። ዋጋው ድምሩ መሰብሰቡን ማረጋገጥ ነው፤ የኤርሚት ፖሊኖሚያሎች በፍጥነት ስለሚያድጉ የግፊቱ ብዜቶች (በየኃይሉ ፊት የሚቆሙት ቁጥሮች) ከዚያ በፈጠነ መንገድ ማነስ አለባቸው። ለዕድገቱ ፍጥነት ምሳሌ፣ የ20ኛው ፖሊኖሚያል ዋጋ በዜሮ ላይ 670,442,572,800 ነው። ተራ ኮምፒውተር 16 ያህል አኃዞች ብቻ ስለሚይዝ፣ እንዲህ ያሉ ግዙፍ ቁጥሮች ምልክት እየተፈራረቁ ሲደመሩ ትክክለኛዎቹ አኃዞች ያልቃሉ። ፖሊኖሚያሎቹን አስቀድሞ በተመጠነ መልክ አስልቶ ከብዜቶቻቸው ጋር ማጣመር ይህን ብዙ ያቀለዋል።

ተማሪዎች ከሁለቱ አንዱ «ይበልጥ ኃይለኛ» እንደሆነ ያስባሉ። እንዲህ ያለውን አመለካከት ለማረም የምሰጠው ልምምድ አለ። ግፊቱ ኤክስፕ(−ሀ²/ወ²) ይሁን፤ ወ ስፋቱ ነው። በፉሪየር ስንሄድ ገ እንደገና የደወል ቅርጽ ያለው ይሆናል፤ የስፋቱ ካሬ ወ²−1 ነው፤ ስለዚህ ወ ከ1 መብለጥ አለበት። በኤርሚት ስንሄድ የሚመጣው ድምር የሚሰበሰበው ልክ ወ ከ1 ሲበልጥ ነው። ሁለቱም በአንድ ድንበር ላይ ይቆማሉ፤ ምክንያቱም ድንበሩ የፊዚክሱ ነው። ከቅንጣቶቹ ሙቀታዊ መበታተን የጠበበ ዝርዝር በግፊቱ ውስጥ ካለ፣ በዚህ ዓይነት ስርጭት ሊሸከመው የሚችል የለም። ዘዴ መቀየር አያድንም፤ መቀየር ያለበት መሬቱ ነው።

ከዜሮ በታች የወረደው ስርጭት

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ወረቀቷን ይዛ ገባች። «መምህር፣ ግፊቱ በትክክል ተመልሶልኛል፤ ስርጭቱ ግን መሃሉ ላይ ከዜሮ በታች ሆነብኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። አልተሳሳተችም ነበር። ግፊቷን ወደ ቀላሉ መልክ አውርደን ሀ² ብቻ አደረግነውና አብረን ሠራነው። ገ = መ² − 1/2 ወጣ። ይህን አደብዝዛ ሀ²ን ማግኘቷ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መ ከ−0.7 እስከ 0.7 ገደማ ባለበት ቦታ ሁሉ ገ ኔጌቲቭ ነው፤ ኔጌቲቭ የቅንጣት ብዛት ደግሞ የለም። ግፊቱ ላይ 1/2 ስንጨምር ገ = መ² ሆነና ችግሩ ተፈታ። ቀጥላ ሀ⁴ን ራሷ ሠራችው፤ ገ = መ⁴ − 3መ² + 3/4 አገኘች፤ ዝቅተኛ ዋጋው −3/2 ስለሆነ ቢያንስ 3/2 መጨመር እንዳለበት ሳልነግራት ጻፈች። በጣም ደስ አለኝ።

ቋሚ ቁጥር መጨመር መሬቱን ሁሉ እኩል ከፍ ማድረግ ነው፤ ተዳፋቱን ስለማይነካ መስኩ እንዳለ ይቀራል። ነገር ግን በነጻ አይገኝም፤ የቅንጣቶቹ ግፊት ከማግኔት ግፊቱ ጋር ሲነጻጸር ይጨምራል፤ ማለትም የሁለቱ ጥምርታ የሆነው ፕላዝማ ቤታ ከፍ ይላል። ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው ምሳሌ ከኃይል ነጻ የሆነው (ማግኔታዊ ኃይል ፕላዝማውን የማይገፋበት) የሃሪስ ንጣፍ ነው።

በዚህ ንጣፍ ውስጥ መስኩ መጠኑን ሳይለውጥ አቅጣጫውን ብቻ ያዞራል፤ አንዱ ክፍሉ ታንጀንት ሃይፐርቦሊክ፣ ሌላው ሴካንት ሃይፐርቦሊክ ነው። ግፊቱ በንጣፉ ውስጥ አይለወጥም። በምሳሌያችን ድንጋዩዋ በገበሬዎቻችን ማሳ ላይ እንዳለ እርከን እኩል ከፍታ ይዛ በተዳፋቱ ጎን ትሄዳለች ማለት ነው። ሃሪሰንና ኖይኪርሽ በ2009 ለዚህ መስክ የሚሆን ትክክለኛ ስርጭት አገኙ። የመረጡት መሬት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በአንዱ አቅጣጫ የኮሳይን ግማሽ፣ በሌላው ኤክስፖነንሻል፣ በላያቸውም ቋሚ ቁጥር፤ ይህን ቋሚ «በ» እንበለው። ለፉሪየሩ መንገድ ከዚህ የተመቸ መሬት አይገኝም፤ መልሱ በጥቂት መስመር ይጻፋል።

አሁን ዋጋውን እንቁጠር። የቅንጣቱ የዙረት ራዲየስ (በመስኩ ዙሪያ የሚዞርበት ክብ ራዲየስ) ለንጣፉ ውፍረት ሲካፈል የሚገኘውን ጥምርታ «ደ» እንበለው። ኮሳይኑ ወደኋላ ሲመለስ ብዜቱ ከ1/2 ተነሥቶ 1/2 ሲባዛ በኤክስፕ(2ደ²) ይሆናል። ኤክስፖነንሻሉ ወደ ዜሮ በሚጠጋበት አካባቢ ስርጭቱን ከዜሮ በላይ የሚይዘው «በ» ብቻ ስለሆነ፣ «በ» ከዚህ ብዜት ማነስ የለበትም። ቤታ ደግሞ 1/2 ሲደመር «በ» ነው። ስለዚህ ደ ወደ ዜሮ ቢጠጋ እንኳ ቤታ ከ1 በታች አይወርድም፤ ደ 1 ሲሆን ቤታ ቢያንስ 4.2 ገደማ ይሆናል፤ ደ 3 ሲሆን ከ32 ሚሊዮን ይበልጣል። ወፍራም ንጣፍ ለሚያጠና ይህ መፍትሔ እጅግ ጥሩ ነው። ስስ ንጣፍ ለሚያጠና ግን አይሆንም፤ መስኩ በሚገዛበትና ቤታ ከ1 በጣም በሚያንስበት በፀሐይ ኮሮና ላይ ለሚሠራም አይሆንም።

የመሬቱ ነጻነት የሚያድነን እዚህ ላይ ነው። የግፊቱን ፈንክሽን በእርከኑ ላይ ካለው ከፍታ ጋር ያለውን ልዩነት ኤክስፖነንሻል ውስጥ አስገብተን አዲስ መሬት ብንሠራ፣ በእርከኑ ላይ ያለው ተዳፋት ሳይነካ ከፍታው ብቻ እኛ ወደምንፈልገው ሊወርድ ይችላል። ተዳፋቱ ካልተነካ ድንጋዩዋ በዚያው መስመር ትሄዳለች፤ መስኩም ያው ነው። አላንሰንና ባልደረቦቹ በ2015 ቤታ ከ1 ያነሰበትን ስርጭት ያገኙት በዚህ ዓይነት ለውጥ ነው። ሆኖም የኤክስፖነንሻል ኤክስፖነንሻል የሆነ መሬት ለፉሪየር አይመችም፤ ስለዚህ ወደ ኤርሚት ተከታታይ መሄድ ግድ ሆነ፤ የድምሩን መሰብሰብ ማረጋገጥም የሥራው ዋና ክፍል ነበር። ከፉሪየር ወደ ኤርሚት የተሻገሩት መሬቱ ስላስገደዳቸው መሆኑን ልብ በሉ።

ኮምፒውተሩ

ግፊቱ በቀመር ሳይሆን በቁጥር ዝርዝር ከተገኘ፣ ገን በነጥቦች ከፋፍሎ፣ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ገደብ ጥሎ፣ በትንሹ ካሬ ድምር መፈለግ ይቻላል። የቲኮኖቭን ማለስለሻ (መልሱ ከመጠን በላይ እንዳይዋዥቅ የሚገታ ተጨማሪ ክፍል) መጨመርም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ከላይ ያነሣሁት የጫጫታ መባዛት መልሱን ያበላሸዋል። ይህ መንገድ መልስ ባይኖርም እንኳ «ቅርብ መልስ» ስለሚሰጥ ያታልላል፤ ስለዚህ የወጣውን ገ መልሶ አደብዝዞ ከግፊቱ ጋር ማነጻጸርና ልዩነቱን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ግዴታ ነው። የአካባቢያችንንም ሁኔታ ማሰብ ይገባል። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ስሌት ሊነጋጋ ሲል መብራት ጠፍቶ ከዜሮ እንድጀምር አድርጎኛል፤ ከዚያ ወዲህ በየግማሽ ሰዓቱ ውጤቱን የማያስቀምጥ ፕሮግራም አላስነሣም። በፉሪየርና በኤርሚት የሚሠራ ተማሪ ግን ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ ለእኛ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ማግኔታዊ መስኩ ሚና የሌለው፣ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል ብቻ ያለበት ችግር ከሆነ ከላይ ያሉት ሁሉ አያስፈልጉም፤ በርንስታይን፣ ግሪንና ክሩስካል በ1957 ያቀረቡት ዘዴ በአቤል ኢንቴግራል ቀጥታ ወደ ስርጭቱ ያደርሳል። ኤዲንግተን በ1916 ለክብ የከዋክብት ስብስብ የተጠቀመበት ሒሳብም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የተመረጠው ዘዴ የትኛውም ቢሆን ምርመራው ለአዮኖችና ለኤሌክትሮኖች ለየብቻ መደረግ አለበት፤ ሙቀታቸው እኩል ቢሆን እንኳ የፕሮቶኑ ደ ከኤሌክትሮኑ 43 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ለኤሌክትሮኖች ከዜሮ በላይ የሆነ ስርጭት ለአዮኖች ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ስርጭቱ በፍጥነት አቅጣጫ ስንት ጫፍ እንዳለው መታየት አለበት። የኮሳይኑ ብዜት ከ«በ» ጋር ሲቀራረብ ከአንድ በላይ ጫፍ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስርጭት ትክክለኛ ሚዛን ቢሆንም ሲሙሌሽኑ ሲጀመር በራሱ አለመረጋጋት ሊፈርስ ይችላልና፣ ቤታን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ጫፉን አንድ ማድረግ ይሻላል።